የእናቴ ንቅሳት

እናቴ በእኅቴ ሠርግ ስታጨበጭብ የሚያሳየው የቪዲዮ ካሴት ከእርጅና ብዛት ደብዝዞ ነበርና፣ ምስሉን በሰው ሠራሽ አስተውሎት ላጠራው ተነሣሁ። ለሥራው ሁለት የግራፊክስ ካርዶችን አወዳደርሁ፤ አንዱ የራሴ፣ 3584 የስሌት ክፍሎች ያሉት አርቲኤክስ 3060፤ ሌላው ከወዳጅ የተዋስሁት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውና 16384 ክፍሎች ያሉት አርቲኤክስ 4090። የእኔው ሌሊቱን ሙሉ ሲያቃስት አድሮ ማለዳ ጨረሰ። የውሰቱ ግን ከእራት እስከ መኝታ ብቻ በቃው፤ 450 ዋት መጠጣቱ ባይቀርም።

ፍጥነቱን ሳደንቅ ቆይቼ ምስሎቹን ጎን ለጎን አስተያየሁ። ፕሮግራሙ አንድ ነውና ዓይኔ ልዩነት አላገኘባቸውም። ካርዱ የሚያፋጥነው ግምቱን ነው። 720 በ576 የነበረ ምስል ወደ 3840 በ2160 ሲያድግ ነጥቦቹ 20 እጥፍ ይሆናሉ፤ ከ20ው 19ኙን መኪናው ከሌሎች ሰዎች ፊት በተማረው ይሞላዋል። ስለዚህም ይሆናል፣ በእናቴ አንገት ዙሪያ ያለውን ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥሮ ጠርጎታል። አንዱ በሌሊት፣ ሌላው በምሽት፤ ሁለቱም ጠርገውታል።

እኅቴ አይታ፣ «ይህች ደግሞ ማን ናት?» አለችኝ።

ካርዱን ለባለቤቱ መለስሁ፤ ካሴቱንም ወደ ሣጥኑ።