እየተናገሩ መስማት

ሲታክ ስሟን ከሲያትልና ከታኮማ ቆርሳ ያወጣች ከተማ ናት። መሀሏ ላይ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘርግቷል፤ የአጎቴ አፓርታማ መስኮት በየጥቂት ደቂቃው ይንቀጠቀጣል። ወሬ ይቋረጣል፣ አውሮፕላኑ ያልፋል፣ ወሬው ካቆመበት ይቀጥላል።

አጎቴ ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ አወጡ። ለማለፍ ከ35 ጥያቄ 26 መመለስ ይበቃል፤ እርሳቸው የሳቱት አንድ ብቻ ነው (ይህን ሳይነግሩት ያለፉት እንግዳ የለም)። አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ያለውን የአማተር ሬዲዮ ክበብ መጥሪያ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» ብለው ጽፈው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል፤ አንድ ቀን በአየር ላይ ሊያገኙት። እስከዚያው በእጅ ሬዲዮ ማታ ማታ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች ጋር ስለ ዝናብና ስለ አንቴና ያወራሉ።

ባለፈው ኅዳር ድምፃቸው መቆራረጥ ጀመረ። አንዱ ሬዲዮው ርካሽ ስለሆነ ነው አለ። ሌላው፣ በትሕትና፣ ቀስ ብለው እንዲናገሩ ጠየቃቸው። አጎቴ ሬዲዮውን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

የእጅ ሬዲዮ አቅሙ 5 ዋት ቢሆን ነው። ስለዚህ ኮረብታ ላይ ሪፒተር ይተከላል፤ ደካማውን ድምፅ ተቀብሎ በዚያው ቅጽበት በጉልበት ይደግመዋል። ጣጣው ያለው «በዚያው ቅጽበት» ላይ ነው። አንቴናው አንድ ነው፤ በሚሰማበትና በሚናገርበት ሞገድ መካከል ያለው ልዩነት 600 ኪሎኸርዝ ብቻ። 50 ዋት ሲያስተላልፍ ኬብሉ ላይ 50 ቮልት ያህል ይኖራል፤ የሚያዳምጠው ግን ከአንድ ማይክሮቮልት በታች የሆነ ድምፅ ነው። ጆሮውን ከገዛ አፉ የሚጠብቁለት ካቪቲ የሚባሉ ረጃጅም የብረት ጣሳዎች ናቸው። ጥበቃው ሲላላ ሪፒተሩ ደካማውን ይሰማል፣ አፉን ይከፍታል፣ በራሱ ጫጫታ ይደነቁራል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይሰማል። ተናጋሪው ተቆራርጦ ይወጣል። ቅርብ ያለ፣ ጉልበተኛ ሬዲዮ የያዘ ሰው ግን ምንም ችግር አይታየውም።

አንድ ቅዳሜ አጎቴን ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን በመሣሪያ ደካማ የሙከራ ድምፅ ላከለት። ማስተላለፊያው ሲጠፋ ጥርት ያለ ፉጨት፤ ሲበራ ሽሽሽ የሚል ጫጫታ ፉጨቱን ዋጠው። ቀጥሎ አንቴናውን ነቅሎ ኃይሉን ወደ አየር ሳይለቅ በሙቀት የሚጨርስ መሞከሪያ ተካበት። ጫጫታው ጠፋ። ካቪቲዎቹ ደህና ናቸው ማለት ነው፤ በሽታው ከእነሱ ማዶ ነው።

አንቴናው ሥር ያለው ኮኔክተር ውስጥ የሲያትል ዝናብ ገብቶ አረንጓዴ ዝገት ሠርቶ ነበር። ብረት ከብረት በደንብ ሳይነካካ ያ ሁሉ ኃይል ሲያልፍበት በየሞገዱ ጫጫታ ይረጫል፤ ልክ በሚሰማበት ሞገድ ላይ የሚወለደውን ደግሞ ካቪቲ አያጠራውም። ቆርጠው አዲስ ገጠሙ፣ በፕላስተር ጠቀለሉት። አጎቴ ከጥግ ሆነው በእጅ ሬዲዮአቸው ጠሩ፣ ተሰሙ። ይቅርታ የጠየቃቸው የለም፤ እርሳቸውም የጠበቁ አልመሰለኝም።

ስንወርድ እኔ ዝም አልኩ። በጥቅምት ሐኪም ቤት ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነበርኩ። ሐኪሟ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ ጠየቀች፤ አጎቴ እንደልማዳቸው ከሩቅ ጀመሩ። ሦስተኛው ቃል ላይ እኔ በእንግሊዝኛ ተነስቼ ነበር። ስጨርስ እርሳቸውም ጨርሰዋል። መኪና ውስጥ «ስለ እግሬም ነገርሻት አይደል?» አሉኝ። ስለ እግራቸው የተናገሩት እኔ እየተናገርኩ ነበር። ስለ ትርጉም የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ፣ አስተርጓሚ ከምንጩ ምን እንደሚያጎድል ገጽ በገጽ እየቆጠርኩ ያለሁ ሰው ነኝ።

«ነግሬያታለሁ» ብያቸው ነበር። ከኮረብታው ስንወርድ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠብቄ «ጋሼ፣ ስለ እግርዎ አልነገርኳትም» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ» አሉ። «መልሱ አጠረብኝ።»

በታኅሣሥ ቀጠሮ ደብተርና እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ። ስለ እግራቸው ሲጀምሩ ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እጄን አነሳሁ፤ ገና አልጨረሱም።