ያልተነኩት ጥያቄዎች

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በቤቴ የደረሰ ነገር ነው። የምኖረው ኮልፌ፣ ከአጠና ተራ ብዙም ሳልርቅ ነው። ሁለተኛው ልጄ ሲያናግሩት ሐሳቡ ሌላ ዘንድ ነው፤ ዳቦ እንዲገዛ ቢልኩት ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ትምህርት ቤት ለመግባት የአእምሮ ችሎታ ፈተና ተፈተነ። ጥያቄው 60፣ ጊዜው 40 ደቂቃ ነበር። 28 አገኘ።

እውነቱን ልናገር፤ እጅግ ተናደድሁ። «ይህ ልጅ ትምህርት አይሆነውም፤ መርካቶ ሱቅ አስገባዋለሁ» አልሁ። ልጁም በር ላይ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።

ወረቀቱን መልሰውልን ስለነበር ለጎረቤታችን መምህር አሳየሁት። አገላብጦ አየና፣ «ሐጂ፣ ልጅዎ የሠራው 31 ጥያቄ ብቻ ነው፤ ከነዚያ 28ቱን አግኝቷል። ያልነካቸው 29 ጥያቄዎች ግን እንደ ስሕተት ተቈጥረውበታል» አለኝ። ልጄን ብጠይቀው፣ «አባዬ፣ ከጎኔ ያለው ልጅ ወረቀት ሲገልጥ ሐሳቤ ይበተናል፤ ጥያቄውን እንደገና ከመጀመሪያው አነበዋለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ነገሩ ጠየቅሁ፤ አነበብሁም። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ በ1905 እ.ኤ.አ. ከቴዎዶር ሲሞን ጋር እንዲህ ያለውን ፈተና ሲያዘጋጅ፣ ዓላማው በትምህርት ልዩ እገዛ የሚሹ ልጆችን ለይቶ ለመርዳት ነበር። ዛሬ በብዙ አገር በሚሠራበት የዌክስለር ፈተና፣ በአንዱ ክፍል ልጁ በ2 ደቂቃ ውስጥ ምልክቶችን ይገለብጣል፤ በሌላው ክፍል ደግሞ ሳይቸኩል የቃላትን ትርጉም ይናገራል። ትኩረት የሚያስቸግራቸው ልጆች ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚሉት በፍጥነቱ ክፍል ነው። ዐዋቂ ፈታኝ ክፍሎቹን ለየብቻ ይመለከታል። ሁሉ ተደምሮ አንድ ቁጥር ብቻ ሲሆን ግን የልጁ ማስተዋል ከዝግታው ኋላ ይሸሸጋል።

ፍጥነት ዋጋ የለውም አልልም። አደጋ የደረሰበት ሰው ሲመጣለት ሐኪም ፈጥኖ መወሰን አለበት። ተጨማሪ ደቂቃ መስጠትም ብቻውን ነገሩን አይፈታም፤ ትኩረት የማያስቸግረውንም ልጅ ይጠቅማልና። ነገር ግን ፍጥነትን ለክተን «ማስተዋሉን ለካን» ማለት ፍትሕ አይደለም። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውስጥም በሰዓት የተወሰነ የአፕቲቲዩድ ፈተና ስላለ፣ ነገሩ የብዙ ቤት ጉዳይ ነው።

ይኸው ልጄ በመድረሳ ሉሑን ይዞ ይቀራል። ኡስታዙ ለብቻው ያደምጠዋል፤ ያልያዘውን ደግሞ እንዲቀራው ይመልሰዋል። ዘግይቶ ይይዛል፤ የያዘውን ግን አይረሳም። ይህን እያየሁ እንዴት ሰነፍ አልሁት?

ትምህርት ቤቱ ውጤቱን አልለወጠም። እኔ ግን የተናገርሁትን ለመለወጥ ልጄን አስቀምጬ ይቅርታ ጠየቅሁት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ዝቅተኛ ውጤት ይዞ ሲመጣ ከመቈጣታችሁ በፊት ስንቱን ሠራ፣ ከሠራውስ ስንቱን አገኘ ብላችሁ ጠይቁ።