«ከፍ አድርጊው» ማለት «ጩኺ» ማለት አይደለም

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ልጃችሁ ስትዘፍን ድምጿ አልሰማ ሲላችሁ ምን ትሏታላችሁ? «ከፍ አድርጊው!» እንደምትሉ እገምታለሁ። እዚህ ላይ ቋንቋችን ትንሽ ያምታታናል። «ከፍ አድርጊ» ስንል አንድም ጉልበት ጨምሪ፣ አንድም ዜማውን ወደ ላይ ውሰጂው ማለታችን ነው። ሁለቱ ግን ለየቅል ናቸው። ይህን ልዩነት ማወቅ በእኛ ቤት የአንዲት ልጅን ዝምታ ስለፈታ፣ የተማርኩትን ላካፍላችሁ ወደድኩ።

እኔ የሙዚቃ ሰው አይደለሁም። የተማርኩት ቢዝነስ፣ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ቤታችን አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲሆን፣ ሥራዬ በየወሩ ወደ ሰመራ ያመላልሰኛል። በገዋኔና በሚሌ በኩል ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰመራ ደግሞ በሰኔ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እዚያ ቀኑን ሙሉ ከደንበኛ ጋር ሳወራና በድምፅ ማጉያ ሳስተዋውቅ እውላለሁ። ድምፄ እንጀራዬ ነው ማለት ትችላላችሁ። ስለ ድምፅ እንድማር ያደረገኝ ግን ሥራዬ ሳይሆን የ7 ዓመቷ ልጄ ናት።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤቷ ለወላጆች ቀን መዝሙር ያለማምዳቸው ነበር። አንድ ቀን ወደ ቤት መጥታ፣ «እማዬ፣ እኔ ከንፈሬን ብቻ ነው የማንቀሳቅሰው» አለችኝ። ዜማውን እንዳታበላሽ ብሎ ያዘዛት መምህሯ ነው። ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥም መዝፈን ተወች። ገላዋን ስትታጠብ እንኳ ታንጎራጉር የነበረች ልጅ ዝም አለች። ዘመድ መጥቶ «እስቲ ዝፈኚልን» ሲላት፣ «እኔ ድምፅ የለኝም» ማለት ጀመረች።

ከሙያዬ የማውቀው አንድ ነገር አለ፤ ምርት ላይ አንዴ የተለጠፈ መጥፎ ስም በቀላሉ አይነቀልም። የተለጠፈው በ7 ዓመት ልጅ ላይ ሲሆን ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ሊከተላት ይችላል። ከእኛ ከአዋቂዎቹ መካከል «እኔ ድምፅ የለኝም» እያልን ያደግን ስንት ነን?

መፍትሔው ከጎረቤት ተገኘ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጎረቤታችን በወጣትነታቸው በኪነት ቡድን ውስጥ ዘፍነዋል። ልጄን አጠገባቸው አስቀምጠው መዝሙሩን መምህሯ እንደሚጀምረው አድርጋ እንድታሰማቸው ጠየቋት። ጀመረች፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ድምጿ ጉሮሮዋ ውስጥ ሰምጦ ቀረ። እትዬ ሳቅ አሉና፣ «ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ? ወንድ በጀመረበት ልጅ ይዘፍናል እንዴ!» አሏት። ከዚያ ያንኑ ዜማ ቀጠን አድርገው ጀመሩላት። ልጄም ተከተለቻቸው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ሳትስት።

ቀጭን ለምን ቀጭን ተባለ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ማንቁርታችን ውስጥ ሁለት ትንንሽ የድምፅ አውታሮች አሉ። የአዋቂ ወንድ አውታር ርዝመቱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሴት ከዚያ ያጥራል፣ የልጅ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ከሳንባ የሚወጣው አየር ሲያልፍባቸው ይርገበገባሉ። በተለመደ ንግግር የወንድ አውታር በሰከንድ 120 ጊዜ ገደማ፣ የሴት 200 ጊዜ ገደማ፣ የልጅ ከዚያም በላይ ይርገበገባል። ዜማው ወደ ላይ ሲወጣ አውታሮቹ ይወጠራሉ፣ ይሳሳሉ፤ ወደ ታች ሲወርድ ይላላሉ፣ ይወፍራሉ። ቋንቋችን «ቀጭን ድምፅ»፣ «ወፍራም ድምፅ» ማለቱ እንግዲህ በከንቱ አይደለም።

ክራር የሚቃኝ ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። አውታሩን ሲወጥረው ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲያላላው ይወፍራል። ጠንክሮ ቢመታው ግን ድምፁ ይጎላል እንጂ አይቀጥንም። እኛም እንዲሁ ነን። ቀጭኑን ድምፅ በጩኸት ልናገኘው ስንሞክር የአንገታችን ጡንቻዎች ይጠብቃሉ፣ አገጫችን ወደ ላይ ይንጋጠጣል፣ ድምፃችን ይሰነጠቃል። ወፍራሙን ደግሞ አገጫችንን ወደ ደረታችን ጭነን በግድ ልናወጣው እንሞክራለን፤ የሚወጣው ግን ሻካራ ማጉረምረም ነው።

አለሙ አጋ በገና ሲደረድሩ አድምጧቸው። ያ ወፍራም ድምፅ አይገፋም፣ አይጫንም፤ ከንግግር ብዙም ሳይርቅ በዝግታ ይወርዳል። አስቴር አወቀን ደግሞ ወደ ላይኛው ድምፅ ስትወጣ ስሟት። ጫፉ ላይ ስትደርስ ድምጿን አሳስታ ታርገበግበዋለች እንጂ ሁልጊዜ በጉልበት አትይዘውም።

በቀን 10 ደቂቃ

እትዬ ያስተማሩንን፣ እኔም በኋላ አንብቤ ያዳበርኩትን ልንገራችሁ። ለልጅም ለአዋቂም ይሆናል።

መጀመሪያ ትንፋሽ። በጀርባችሁ ተኝታችሁ ሆዳችሁ ላይ ቀለል ያለ መጽሐፍ አስቀምጡ። በአፍንጫ ስትስቡ መጽሐፉ ከፍ ይበል፤ ትከሻችሁ ግን አይነሳ። ከዚያ አየሩን «ስስስ» እያላችሁ ቀስ ብላችሁ አውጡ። በ10 ሰከንድ ጀምራችሁ ወደ 20 አድርሱት። ረጅም ዜማ የሚሸከመው ይህ ቁጥብ ትንፋሽ ነው።

ቀጥሎ «ብርርር»። አዋሽ የጅቡቲ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የከባድ መኪና ድምፅ ማስመሰል ለልጆቻችን አዲስ አይደለም። ከንፈርን ገጥሞ በአየር እያንቀጠቀጡ፣ መኪናው ዳገት ሲወጣ ከወፍራም ወደ ቀጭን፣ ቁልቁለት ሲወርድ ከቀጭን ወደ ወፍራም መሄድ ነው። ከንፈር የሚንቀጠቀጠው አየሩ ሳይቆራረጥ ሲወጣና ፊት ሲላላ ስለሆነ፣ ጉሮሮውን ያጠበቀ ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። ልጄ በጣም የምትወደው ይህን ነው።

ሦስተኛው የመምጠጫ ቀሰም ነው። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ በቀሰሙ በኩል «ኡ» እያላችሁ አረፋ አስነሱ፤ ድምፁን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች አንሸራትቱት። ወደ ኋላ የሚመለሰው ግፊት አውታሮቹ በኃይል ሳይጋጩ ለስላሳ ሆነው እንዲርገበገቡ ያግዛል። ቀኑን ሙሉ ስናገር ከዋልኩ በኋላ እኔን ያሳረፈኝ ይኸው ነው።

በመጨረሻ ዜማ። ለዚህ ሩቅ አትሂዱ። ከሚሌ ወደ ኮምቦልቻ በሚታጠፈው መንገድ ላይ ባቲ አለች፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ሰኞ ሰኞ የሚገበያዩባት ከተማ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን አንዱ በስሟ ይጠራል። እንደ ትዝታ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ሁሉ ባቲም አምስት ድምፆች አሉት። በምታውቁት ቅኝት አምስቱን በ«ማ» እያዜማችሁ ውጡና ውረዱ። ከዚያ ትንሽ ቀጠን ካለ ድምፅ ጀምራችሁ ድገሙት። ጉሮሮ መጥበቅ ሲጀምር አቁሙ፤ የዛሬው ጣሪያችሁ እሱ ነው። ወደ ታች ስትወርዱም ድምፁ እየሳሳ ትንፋሽ ብቻ ሲሆን አቁሙ፤ ወለላችሁ ደግሞ እዚያ ነው። በቀጭኑ በኩል ጉልበት ቀንሱ፣ አፋችሁን ወደ ታች ክፈቱ። በወፍራሙ በኩል ደግሞ «እሺ» እንደሚል ሰው ተዝናኑ።

ስለ ጉሮሮ አንድ ነገር ልጨምር። ማርና ዝንጅብል ጉሮሮን ደስ ያሰኛሉ፤ የምንውጠው ነገር ግን በምግብ ቧንቧ ስለሚያልፍ የድምፅ አውታሮቹን አይነካም። ውኃም የሚጠቅማቸው ወደ ሰውነታችን ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ በተለይ እንደ እኛ ቆላ ያላችሁ፣ ከመናገራችሁ በፊት ጠዋት ጀምራችሁ ጠጡ። መለማመድ ሊያም አይገባም። የድምፅ መጎርነን ከ3 ሳምንት በላይ ከቆየ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ መሄድ ያስፈልጋል።

መምህሯን ሄጄ አነጋገርኩት። ክፉ ሰው አይደለም፤ 50 ልጆች ይዞ ለበዓል መድረስ ነበረበት። የእትዬን ነገር ስነግረው ጥቂት አሰበና በሚቀጥለው ልምምድ መዝሙሩን ከልጆቹ አንዷ እንድትጀምር አደረገ። ያን ጊዜ የእኔ ልጅ ብቻ ሳትሆን ሌሎች ሦስት አራት «ድምፅ የሌላቸው» ልጆችም ድምፅ አገኙ። ልጄ አሁንም የምትቆመው ከኋላ ረድፍ ነው፤ ግን ትዘምራለች። በቀደም አባቷ እራት ላይ አንድ ዘፈን ሲጀምር አቋረጠችውና፣ «አባዬ፣ ይሄ ላንተ ነው እንጂ ለእኔ ወርዷል፤ ቀጠን አድርገህ ጀምረው» አለችው። እሱም ታዘዘ።

እናንተም ቤት ልጅ ዜማ ስትስት ብትሰሙ፣ «ድምፅ የላትም» ከማለታችሁ በፊት ከሌላ ቦታ ጀምሩላት። ቀጠን አድርጉት፤ ካልሆነም ወፈር አድርጉት። የሚመቻት ድምፅ አንዱ ጋ ይኖራል።