የሩቅ ቤት ቁልፍ

ተማሪ ሀብት የለውም የሚል ሰው ቢኖር ስለ ገንዘብ ብቻ ያሰበ ነው። ተማሪ ማስታወሻ አለው፤ ጽሑፍ አለው፤ በየገጠሩ ዞሮ የለቀመው ቃል አለው። የሚያስቸግረው ይህን ሀብት የት እንደሚያኖረው ነው። ስድስት ሆነን በምናድርበት ክፍል እንኳንስ ሀብት፣ ጫማም ተረጋግቶ አያድርም።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ቁጥራችንም ሦስት ነው። ባለፉት ሁለት ክረምቶች በመንዝና በተጉለት እየተዘዋወርን የሽማግሌዎችን ፉከራና ቀረርቶ፣ የባልቴቶችን የልቅሶ ግጥም፣ የየቀዬውንም የዱሮ ታሪክ በድምፅና በምስል ቀድተናል። ሁሉም ተደምሮ 180 ጊጋባይት ሆነ። ጉግል በነፃ የሚሰጠው ቦታ ግን 15 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚፈልግ በየወሩ የሚከፈል አለ፤ ይህ ደግሞ ከተማሪ ኪስ ጋር አይስማማም። በዚህ መካከል ቃላቸውን ከሰጡን አዛውንት አንደኛው ዐረፉ። ልጆቻቸው የአባታቸውን ድምፅ ለሙት ዓመታቸው እንድናደርስላቸው ለመኑን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአደራ ጉዳይ ሆነ።

ስለዚህ በደብረ ብርሃን፣ በአንደኛው ጓደኛችን እናት ቤት፣ አንድ ሣጥን አኖርን። ሣጥኑ ከአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት እምብዛም አይበልጥም፤ በውስጡ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሚይዙ ሁለት ሀርድ ዲስኮች አሉ፤ በአንዱ የተጻፈው ወዲያው በሌላውም ይጻፋል። ባለሙያዎች «ናስ» ይሉታል። ወይዘሮዋም ስሙን ሰምተው «ናስ ከሆነማ በሎሚ ይታሻል እንጂ ኤሌክትሪክ ምን ይሠራለታል?» ብለው አሳቁን።

በቤት ውስጥ ሆኖ ሣጥኑን መክፈት ቀላል ነው። ጭንቁ ከ130 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ከአዲስ አበባ ሆኖ መክፈት ነው። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ማንኛውም መሣሪያ በኢንተርኔት ላይ እንዲገኝ አድራሻ ያስፈልገዋል። የዱሮው የአድራሻ ሥርዓት የሚበቃው ለ4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ነበረ፣ የዓለም ማዕከላዊ ክምችት በ2011 እ.ኤ.አ. አለቀ። አቅራቢዎችም ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ ማሳደር አበዙ፤ ለዚሁ አገልግሎት የሚውል፣ በ100.64 የሚጀምር የአድራሻ ክልል በ2012 እ.ኤ.አ. ተመደበ። የደብረ ብርሃኑ ራውተር ያገኘውም ከዚሁ ክልል ነው። ነገሩ መላው ሰፈር በአንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር እንደሚጠቀም ነው። ከቤት ለወጣ ደብዳቤ መልሱ ወደ ላኪው ይመለሳል፤ ሳይጠሩት ከውጭ የመጣ ደብዳቤ ግን የማን እንደ ሆነ አይታወቅምና ደጅ ላይ ይቀራል።

አንድ የሠፈሩ ባለሙያ «ለብቻው የሆነ አድራሻ ይገዛና በራውተሩ ላይ ፖርት ይከፈት» ሲል መከረን። ከእኛም መካከል ጊዜ እንዳናጠፋ ይህን የደገፈ ነበር። ወይዘሮዋ ግን ፖርት ማለት ከውጭ የሚገባበት በር መሆኑን ስንነግራቸው «ታዲያ ልጆቼ፣ እናንተ የምትገቡበት በር ሌባውን ይመልሰዋል?» ሲሉ ጠየቁን። ለጥያቄያቸው መልስ ስንፈልግ በሌላ አገር የደረሰውን አነበብን። በሰኔ 2021 እ.ኤ.አ. ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው የነበሩ «ማይ ቡክ ላይቭ» የሚባሉ የዌስተርን ዲጂታል መሣሪያዎች ከሩቅ በመጣ ትእዛዝ ተጠርገው ብዙ ሰዎች የዓመታት ማኅደራቸውን አጥተዋል። በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ «ዴድቦልት» የተባለው ፕሮግራም ለውጭ ክፍት ሆነው የተገኙትን የኪውናፕ ሣጥኖች እየገባ ፋይሎችን ቆለፈ፤ ለመክፈቻውም ከየባለቤቱ 0.03 ቢትኮይን ጠየቀ። ይህን ካነበብን በኋላ በር ይከፈት የሚል ከመካከላችን ጠፋ።

የተስማማንበት መንገድ በር የማይከፍት ነው። «ዋየርጋርድ» የሚባል የምሥጢር መተላለፊያ አለ፤ በእርሱ ላይ የተሠራው «ቴይልስኬል» ለጥቂት ተጠቃሚዎች በነፃ ይሰጣል። አሠራሩም ሣጥኑ ከደብረ ብርሃን፣ የእኛ ኮምፒዩተር ከአዲስ አበባ፣ ሁለቱም በራሳቸው ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ አስተዋዋቂው ያገናኛቸዋል። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ቁልፍ ስላለው፣ በመካከል የሚያስተላልፈው የሚተላለፈውን ማንበብ አይችልም።

አንድ ቅዳሜ ተሳፍረን ሄደን ሥራውን ፈጸምን። በመጀመሪያ የሣጥኑን ፕሮግራም አሳደስን፤ ለአስተዳዳሪው ረጅም የይለፍ ቃል ሰጠን፤ ራውተሩ በሣጥኑ ጥያቄ ብቻ ፖርት እንዳይከፍት ከለከልነው። ቀጥሎም ማንበብ እንጂ መሰረዝ የማይችል ተጠቃሚ ፈጠርን፤ በሩቅ ሆነን የምንገባው በእርሱ ስም ነው። የሣጥኑ ቁልፍ በ180 ቀን አልቆ ደጅ እንዳያስቀረን ያንንም አስተካከልን። ፈተናውን ያደረግነው የስልካችንን ዋይፋይ አጥፍተን በሞባይል ዳታ ነው፤ በቤቱ ዋይፋይ መፈተን ሳሎን ተቀምጦ የውጭውን በር እንደ መፈተሽ ነውና።

የሚቀር ነገር አለ። ከቤቱ የሚወጣው መሥመር ቀጭን ነው፤ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ብቻ ስለሚልክ 600 ሜጋባይት ያለው አንድ ቅጂ 40 ደቂቃ ይፈጃል። መብራት ሲጠፋም ሣጥኑ ይዘጋል፤ ሲመለስ ራሱን እንዲያስነሣ አድርገነዋል። ከሁሉም በላይ፣ ሁለት ዲስክ መኖሩ ሊያዘናጋ አይገባም። ከአንዱ የተሰረዘ ከሌላውም ይሰረዛል፤ ቤቱ ቢቃጠል ሁለቱም አብረው ይቃጠላሉ። ስለዚህ ሦስተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ አድርገን ለሟቹ ልጆች ሰጠናቸው፤ እነርሱም ከአባታቸው ዳዊት አጠገብ፣ በሣጥን ቆልፈው አስቀምጠውታል።

አንባቢ ሆይ፣ በየፍላሹና በየስልኩ ተበትኖ ያለው የተማሪ ድካም ስንት ነው? ሽማግሌ ቃሉን ሲሰጠን ማን እንደሚሰማው አያውቅም፤ እኛን አምኖ ይሰጣል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። እኛም ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ በደብተር ጽፈናል፤ ስልኩ የጠፋበት በዚያው ቀን ይናገራል፤ ቁልፉም በዚያው ቀን ይሰረዛል። ከመካከላችን የሚመረቅ ሰው ከመሄዱ በፊት ቁልፉን ለሚተካው ያስረክባል።