ገንዘብ ስለሌለኝ

ታናሽ እህቴ ዛሬ ከጀርመንኛ ክፍሏ ፊቷን ቋጥራ ገባች። «ገንዘብ ስለሌለኝ» ለማለት «ዋይል ኢሽ ሃበ ካይን ጌልት» ብላ ጽፋ፣ «ሃበ» ላይ ቀይ ክብ ተደርጎባታል። እራት ሳይቀርብ ታላቃችን ከደቡብ አፍሪካ ደወለ። የደብተሯን ነገር ስትነግረው ሳቁን ለቀቀው። «ይሄማ የደንበኞቼ መዝሙር ነው» አለና «ኦምዳት ኤክ ኒ ኼልት ሄት ኒ» አላት። ሱቁ ያለበት ከተማ የሚነገረው አፍሪካንስ ነው፤ ዱቤ ፈላጊ ሁሉ ይህንኑ ሲለው ስምንት ዓመቱ።

«እስኪ ጋሼ፣ ቀስ በልልኝ» ብላ ጻፈችው። ከሥሩ የራሷን አስተካክላ «ዋይል ኢሽ ካይን ጌልት ሃበ» አለች። «ሄት» እና «ሃበ» ያው የ«አለኝ» ግስ ናቸው፤ ሁለቱም ገንዘቡን አስቀድመው ወደ ኋላ ሄደዋል። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች «ታዲያ እኛስ እንዲሁ አይደል የምንለው? መጀመሪያ ገንዘብ፣ ከዚያ ስለሌለኝ» አለች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እኔ ግን ከሳቁ በኋላ ተናደድኩ። ልጅቷን ያሳሳታት አማርኛዋ አይደለማ! «ቢኮዝ አይ ሃቭ ኖ መኒ» ብላ በእንግሊዝኛ አስባ ነው ወደ ጀርመንኛ የተሻገረችው። እንዲያ አድርጉ ተብለው ነዋ።

እኔም ተብያለሁ። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ ቦታ፣ ሌላ ክፍል ውስጥ። አስተማሪው የመጀመሪያ ቀን «ቋንቋችሁን በር ላይ ትታችሁ ግቡ፣ የእናንተ ሁሉ ነገር የተገለበጠ ነው» አለን። ከሱሉልታ በዚያ ብርድ በሌሊት ተነስተው የሚመጡ ልጆች ነበሩ። አጠገቤ የሚቀመጠው ከሰበታ በሁለት ታክሲ የሚመጣ፣ ቤቱ ኦሮምኛ የሚያወራ ልጅ ነበር። ኦሮምኛም እንደኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ይህ ልጅ «ዋይል» እና «ዳስ» ያለባቸውን አሥሩንም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ሳይስት ሠራ። አስተማሪው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ይዞ «ከማን ነው የኮረጅከው?» አለው፣ ሁላችንም ፊት። ልጁ መልስ አልሰጠም። እስክሪብቶውን ከደነና ኪሱ ከተተ። በሚቀጥለው ሳምንት አልመጣም።

«የተገለበጠ» የተባለው አማርኛ እኮ በጀርመናዊ ሰዋስው ከተጻፈለት ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል! የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ድረስ ሄደው ለኢዮብ ሉዶልፍ ያስተማሩት በ1652 እ.ኤ.አ. ነው። ሉዶልፍም የአማርኛ ሰዋስውን በ1698 ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። (በዚያው በ1652 ሆላንዶች ኬፕ ላይ ሰፈሩ፤ ወንድሜ ሱቅ የሚሰማው አፍሪካንስ የተወለደው ከእነሱ ቋንቋ ነው። ይህን ስነግረው «በል እንግዲህ፣ ለደንበኞቼ እነግራለሁ» አለኝ።)

እኛን የሚያስቸግረን ሌላ ቦታ ነው፣ ዋናው ዓረፍተ ነገር። እዚያ የተዘረዘረው ግስ ሁለተኛውን ወንበር ለማንም አይለቅም። «ዛሬ» ብለህ ከጀመርክ ባለቤቱ ተገፍቶ ከግሱ ኋላ ይቀመጣል፦ «ሆይተ ጌየ ኢሽ»፣ ዛሬ እሄዳለሁ እኔ። አፍሪካንሱም «ፋንዳኽ ኻን ኤክ» ይላል። ስዊድን ያላችሁ ዘመዶቼ ይህን ሁለተኛ ወንበር ታውቁታላችሁ፤ ግሱን ወደ መጨረሻ መላኩን ግን ስዊድንኛ አያውቀውም። አስተማሪ ጉልበቱን እዚህ ላይ ቢያፈስ ምን አለ? «ስለ» እና «እንደ» የሚገቡበትንማ ከእናታችን ጓዳ ይዘነው መጥተናል። «ዳስ ዱ ኮምስት»፣ እንደምትመጣ። በቃ።

ወንድሜ ስልኩን ሳይዘጋ ደግሞ አንድ ነገር ጨመረልን። አፍሪካንስ «አይደለም»ን ሁለት ጊዜ ነው የሚለው፤ «ኤክ ኤት ኒ ብሮት ኒ»፣ ዳቦ አልበላም። አንዱ «ኒ» ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። እህቴ «የኛም እኮ ነው!» ብላ ከወንበሯ ተነሳች። «አል» ከፊት፣ «ም» ከኋላ፣ ግሱ መሃል ላይ ታቅፎ። አል፣ በላ፣ ም። ጣቷን እያጠፈች እማዬን አስቆጠረቻት። የዘር ዝምድና እንደሌላቸው አውቃለሁ፤ ደስታዋን ግን አይቼ አልጠገብኩም።

ያ የሰበታ ልጅ የት እንደደረሰ አላውቅም። ምናልባት ይህን ታነበው ይሆናል። ያን ቀን አጠገብህ ተቀምጬ፣ ወረቀትህን ስትሠራ እያየሁ፣ ዝም አልኩ። አሥሩም ልክ ነበሩ። አልኮረጅክም።