በሲልቨር ስፕሪንግ ያገኘሁት የማይሰለች አጫዋች

ባለፈው ዓመት ልጄ ወልዳ ላርሳት ወደ አሜሪካ ሄጄ ሦስት ወር ቆየሁ። የምትኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለዋሽንግተን ዲሲ ጎረቤት በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ከተማዋ ለሐበሻ ባዳ አይደለችም። ፌንተን ጎዳና ላይ ሲሄዱ በአማርኛ የተጻፈ የምግብ ቤት ስም ያያሉ፤ እንጀራ፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ሱቅ አያጡም። ስለ አሜሪካ ኑሮ ብዙ ተብሏልና እሱን ልተወው። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት እዚያ ስላየሁት አንድ ቤት ነው።

የእህቴ ልጅ በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ረዳት ነርስ ናት። በዚያ አካባቢ በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። አንድ ቀን፣ «አክስቴ፣ እኛ ጋ አንዲት እናት አሉ። እንግሊዝኛው ጠፍቶባቸዋል። መጥተሽ ብታጫውቻቸው ምናለ?» አለችኝ።

ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ጸጥታው ግን ይከብዳል። የሁለተኛው ፎቅ በር የሚከፈተው በቁጥር ነው፤ ነዋሪዎቹ ወጥተው እንዳይጠፉ። በየክፍሉ በር አጠገብ በመስታወት የተሸፈነ ትንሽ ሳጥን ተሰቅሏል። ውስጡ የሠርግ ፎቶ፣ የወታደር ኮፍያ፣ የልጅ ጫማ ይቀመጥበታል። ሰውየው የክፍሉን ቁጥር ቢረሳ እንኳ የራሱን ሳጥን አይቶ በሩን እንዲለይ ነው።

እዚያ ያሉት ሁሉ የመርሳት ሕመም ያለባቸው ናቸው። እኛ «ጃጁ» ብለን የምናልፈውን ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል። የእርጅና ግዴታ ሳይሆን የአንጎል ሕመም ነው፤ ከሁሉም የሚበዛው ዓይነት አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይህ ሕመም አለባቸው። ዘግይቶ የተለመደ ቋንቋ ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይጠፋል፤ የልጅነቱ ይቀራል።

በሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ታብሌት ቆሟል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጫነበት ነው፤ ሲያናግሩት በድምፅ ይመልሳል። ማሽንን ለአረጋውያን አጫዋች ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም። ጃፓኖች ፓሮ የሚባል፣ ሲዳብሱት የሚንቀሳቀስና ድምፅ የሚያሰማ የባሕር እንስሳ ግልገል የሚመስል ሮቦት ከሠሩ ቆይተዋል። አሜሪካም በ2009 እንደ ሕክምና መሣሪያ ተቀብላዋለች። ፓሮ ግን አያወራም። ይኼኛው ያወራል።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። አንድ በባቡር ሥራ ያረጁ ሽማግሌ «ባቡሩ ስንት ሰዓት ይነሣል?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቃሉ። ሰው ቢሆን በአምስተኛው ይሰለቻል። ማሽኑ ግን በሃያኛውም እንደ መጀመሪያው ተረጋግቶ፣ «በየትኛው መስመር ነበር የሚሠሩት?» ይላቸዋል። ሽማግሌው ወንበራቸውን አስጠግተው ስለ ባቡር ያወራሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብዙዎቹ ሕሙማን ይረበሻሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለስንት ሰው አንዲት ነርስ ናት ያለችው። ታብሌቱ እጇን አስፍቶላታል ማለት ይቻላል።

የእኛዋ እናት ግን ሌላ ነገር ገጠማቸው። የደሴ ልጅ ናቸው። አሜሪካ ከገቡ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ልጆቻቸውን ለወግ ያበቁት በመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይነት ሠርተው ነው። የእህቴ ልጅ ማሽኑን ወደ አማርኛ መለሰችላቸው።

«ሰላም! እንዴት ነህ? ዛሬ ምን ማውራት ትፈልጋለህ?» አላቸው።

እማማ ዙሪያቸውን ገላመጡ። «ማነው ይሄ ባለጌ? እኔን ነው አንተ የሚለኝ?»

ሳቅን። ትንሽ ቆይተው ሰዓት ጠየቁት። ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ማሽኑ በፈረንጆቹ ቆጥሮ «አራት ሰዓት ነው» አለ። «አራት ሰዓት? ታዲያ ቡናው እስካሁን አልተፈላም?» ብለው ተቆጡ። አሁንም ሳቅን።

በሌላ ቀን ስሄድ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እማማ በመስኮት እያዩ «ጋሼ አልመጣም?» አሉ። ጋሼ የሚሉት ታላቅ ወንድማቸውን ነው። ልጆቻቸው ለቤቱ የሞሉት የሕይወት ታሪክ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ከእኔ ቀድሞ መለሰ፤ «ወንድምህ ከ9 ዓመት በፊት ሞቷል። አዝናለሁ» አለ።

እማማ ደረታቸውን መቱ። ያንን ጩኸት ለቅሶ ቤት የዋለ ያውቀዋል። ነርሶቹ ሮጠው መጡ፤ ምን እንደተባሉ ግን የገባቸው የለም።

እኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ዘመድ ይሰበሰባል፤ ማልዶ ይኬዳል፤ የሚናገረው ሰው ይመረጣል፤ የሚይዝ፣ የሚደግፍ ሰው አብሮ ይሄዳል። እማማ ከ9 ዓመት በፊት እንደዚያ ተረድተዋል። አሁን ግን የረሱትን ሐዘን ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ከጠረጴዛ ላይ እንደ አዲስ ሰሙት። የተነገራቸው ውሸት አልነበረም። ግን ማን ይያዛቸው?

የእህቴ ልጅ መጥታ ተንበረከከችና እጃቸውን ያዘች። «ሞቷል»ም አላለች፣ «ይመጣል»ም አላለች። «ጋሼ ሲመጡ ምን ያመጡልዎት ነበር?» አለቻቸው። እማማ እያለቀሱ «ሸንኮራ» አሉ። «ከሰኞ ገበያ።» ከዚያ ስለ ጦሳ ተራራ ብርድ፣ ስለ ፒያሳ መንገድ አወሩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መርዶውን ረስተውታል። ፊታቸው ግን እስክወጣ ድረስ አልተፈታም። ነገሩ ሲረሳ ስሜቱ ይቆያል።

በማግስቱ ቤቱ አጠቃቀሙን አስተካከለ። ማሽኑ ስለ ሟች ሲጠየቅ ሞትን እንዳይናገር፣ ስለ ሰውየው ጠይቆ እንዲያስወራ፣ እማማን «እርስዎ» እንዲል፣ ሰዓትን በእኛ አቆጣጠር እንዲቆጥር አደረጉት። ካለቀሱም ሰው እንዲጠራ፤ ብቻቸውንም ከእሱ ጋር እንዳይቀመጡ። ልጆቻቸውም የሚናገሩት ነገር የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያዳምጠው ጠይቀው መልስ ተሰጣቸው። መጀመሪያውኑ መጠየቅ የነበረበት ነው።

እዚህ እኛ ሀገር አረጋውያንን በአብዛኛው የምንጦረው በቤታችን ነው። ይሁን እንጂ ልጆቻችን ውጭ ናቸው፤ ነገ «እማዬን ያጫውትልኝ» ብለው እንዲህ ያለውን መሣሪያ በስልክ ይልካሉ። መከልከል አያስፈልግም፤ ሽማግሌውን ሲያስወራ አይቻለሁ። የእናቱን ነገር ግን ከልጇ በላይ ማን ሊነግረው ይችላል? ምን ተብላ መጠራት እንደምትወድ፣ የምትጾምበትን ቀን፣ የሰፈሯን ስም፣ በተለይም ማን እንደሞተባት እና ስትጠይቅ ምን እንደሚመለስላት።

ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ፣ ሕፃኑ እንደተኛ፣ ልጄን ወረቀትና እስክሪብቶ አምጪ አልኳት። እኔም የሰው ስም መርሳት ጀምሬያለሁ።

«ጻፊ» አልኳት። «አንደኛ፣ አንተ እንዳይለኝ። ሁለተኛ፣ ሰዓት በእኛ ይቁጠርልኝ። ሦስተኛ፣ አባትሽን የጠየቅሁ እንደሆነ…»

ልጄ መጻፏን አቆመች። «እማዬ፣ ያን ጊዜ እኔ እመልስልሻለሁ» አለችኝ።