ኳሱን የማይነካው ሰው

አንድ የቅርጫት ኳስ ቡድን ዋንጫ ሲያነሳ በቴሌቪዥን ካያችሁ፣ ከላብ በላብ ተጫዋቾቹ መሀል ሙሉ ልብስ ለብሶ የሚስቅ ሰው አይታችሁ ይሆናል። አብዛኞቻችን «ባለሀብቱ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ሰውዬው ባለቤትም አሰልጣኝም አይደለም። ጄኔራል ማናጀር ይሉታል። ማን ይምጣ፣ ማን ይሂድ፣ ለማን ስንት ይከፈል የሚለው የሱ ራስ ምታት ነው።

በአሜሪካው ኤንቢኤ ያሉት ቡድኖች 30 ናቸው። አንድ ቡድን መደበኛ ውል መስጠት የሚችለው ለ15 ተጫዋቾች ሲሆን፣ የሁሉም ደመወዝ ተደምሮ ሊጉ ካስቀመጠው ጣሪያ ጋር መስማማት አለበት። ጣሪያውን ለማለፍ የተፈቀዱ ቀዳዳዎች አሉ፤ በጣም ያበዛ ግን ከባድ ግብር ይከፍላል። የወር አስቤዛ በተቆጠረ ብር የምታብቃቁ ሁሉ ሥራው ይገባችኋል። ሥጋ ከጨመርክ ከዘይቱ ትቀንሳለህ!

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የ16 ዓመት ልጄ ነው። ቅርጫት ኳስ ይወዳል፤ ቁመቱ ግን በእኔ ወጥቷል። ባለፈው ዓመት የሚያሰለጥነው ሰው «አንተ እዚህ ጊዜህን አታባክን» ብሎ አሰናበተው። ልጄ ጫማውን አልጋ ሥር ከትቶ ሁለት ሳምንት ያህል ዝም አለ። አባቱ በሆዱ ደስ ሳይለው አልቀረም፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና እየመጣ ነዋ! እኔን ግን የልጅ ዝምታ ያስፈራኛል። ዝምታውን ሰብሮ አንድ ማታ ያወራልኝ ስለ ማሳይ ኡጂሪ ነበር።

ማሳይ እ.ኤ.አ. በ1970 እንግሊዝ አገር ተወለደ እንጂ ያደገው ሰሜን ናይጄሪያ፣ ዛሪያ ከተማ ነው። አባቱ ናይጄሪያዊ፣ እናቱ ኬንያዊት ሐኪም ናቸው። አሜሪካ ተማረ፣ አውሮፓ ውስጥ በትንንሽ ሊጎች ተጫወተ፣ ስም ሳያወጣ አቆመ። እንግዲህ ብዙ ቤተሰብ «በቃ፣ አሁን ሌላ ሥራ ፈልግ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። እሱ ግን በ2002 ለኦርላንዶ ማጂክ ያለ ደመወዝ ተጫዋች መልማይ ሆነ። ቀጥሎ ዴንቨር ናጌትስ በደመወዝ ቀጠረው፤ ከዚያ ወደ ቶሮንቶ ራፕተርስ ሄደ። በ2010 ዴንቨር ጄኔራል ማናጀር አድርጎ መለሰው። በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ የስፖርት ሊጎች እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው አፍሪካዊ እሱ ነው። በ2013 የሊጉ የዓመቱ ምርጥ የሥራ መሪ ተብሎ ተሸለመ፤ በዚያው ዓመት ቶሮንቶ ወሰደው። በ2019 ቶሮንቶ ዋንጫ ሲያነሳ የቡድኑ ፕሬዚዳንት ነበር። ከአሜሪካ ውጭ ያለ ቡድን ያንን ዋንጫ ሲወስድ የመጀመሪያው ነው።

ልጄን ያስደነቀው ግን ሽልማቱ አይደለም። «እማዬ፣ ፍሬድ ቫንቭሊት በ2016 ድራፍት ላይ 60 ተጫዋች ሲመረጥ ማንም አልጠራውም። አጭር ነው ብለው። ማሳይ ቤት ገብቶ ሻምፒዮን ሆነ» አለኝ። በዚያው ምርጫ 27ኛ የተጠራው ካሜሩናዊው ፓስካል ሲያካም ደግሞ በልጅነቱ የካቶሊክ ካህናት ማሠልጠኛ ተማሪ የነበረ፣ ኳስ ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ነው። በ2019ኙ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ 32 ነጥብ አስቆጠረ። ሌላው ያለፈውን ሰው ቆም ብሎ ማየት፣ ሥራው ይኸው ነው።

ይህን ስሰማ አባቴ ትዝ አሉኝ። የተወለድኩት አዊ ዞን፣ ግምጃ ቤት ነው። በአዊ ፈረስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ ጥር 23 እንጅባራ ብትገኙ ይበቃችኋል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በዓሉም በዓድዋ ከአርበኛው ጋር የዘመቱትን ፈረሶች የሚያስብ ነው። አባቴ በወጣትነታቸው ጋላቢ ነበሩ፤ የሚታወቁት ግን በዓይናቸው ነው። ፈረስ ሊገዛ የሚወጣ ሰው «እስቲ አብረውኝ ይምጡ» ይላቸው ነበር።

ልጄን ይዤ ግምጃ ቤት ስሄድ አያትና የልጅ ልጅ ቡና እየተፈላ ስለ ምልመላ ማውራት ጀመሩ።

«ፈረስ ሲሮጥማ ሁሉም ያየዋል» አሉት አባቴ። «አንተ ሩጫው ካለቀ በኋላ ጠብቀው። እንዴት ይተነፍሳል? ልጓሙን ሲይዙት ይደነግጣል ወይ? ሌላ ፈረስ ሲጠጋው ይራገጣል ወይ?»

«መልማዮችም እንደዚያ ናቸው አባባ» አለ ልጄ ዓይኑ በርቶ። «ተጫዋቹ ተቀይሮ ሲወጣ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ ያያሉ።»

ከዚያ የዴሮዛንን ታሪክ ነገራቸው። ደማር ዴሮዛንን ቶሮንቶ የመረጠው በ2009 ነው። ዘጠኝ የውድድር ዓመት አገለገለ፤ መሄድ ሲችል ውሉን አደሰ፤ ከተማዋን እንደ አገሩ ወደዳት። በ2018 ክረምት ማሳይ ወደ ሳን አንቶንዮ አሳልፎ ሰጠውና ካዋይ ሌናርድን አመጣ። ሌናርድ በጉዳት ምክንያት ያለፈውን ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ የተጫወተ፣ ከዓመት በኋላ ውሉን ጥሎ መሄድ የሚችል ሰው ነበር። አሰልጣኙ ድዌን ኬሲም ቀደም ብለው ተሰናብተዋል፤ ከሥራ በወጡ በሳምንታት ውስጥ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብለው ተሸለሙ። ሌናርድ መጣ፣ ዋንጫው ተገኘ፣ በዚያው ክረምት ሄደ።

ልጄ ይህን የተናገረው በአድናቆት ነው። አባቴ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ዋንጫውን ተወው። ሊሰጠው መሆኑን ፊት ለፊት ነግሮታል?»

ልጄ ትንሽ ተንተባተበ። ዴሮዛን «አትሄድም ተብዬ ነበር» ማለቱን፣ ማሳይም በኋላ አለመግባባት ነበር ብሎ በአደባባይ ይቅርታ መጠየቁን ነገራቸው።

«እኔ ፈረስ ስሸጥ ፈረሱ አይጠይቀኝም» አሉ አባቴ። «ሰው ግን ይጠይቃል።»

እኔ በበኩሌ ማሳይን አልኮንነውም። ድርድር መሀል ላይ ሆኖ ለአንዱ ቀድሞ መናገር ቀላል አይመስለኝም። ግን ዋንጫው መገኘቱ የዴሮዛንን ጥያቄ ዘጋው የሚሉትንም አልሰማቸውም።

«ለእኛ አገር ልጅ ይህ ሩቅ ነው» ትሉ ይሆናል። አሜሪካው ሩቅ ነው፤ እስማማለሁ። ነገር ግን የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 ኪጋሊ ላይ በ12 ክለቦች ተጀምሯል፤ እያንዳንዱ ክለብ ውል የሚያነብ፣ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ተጫዋች የሚለይ ሰው ይፈልጋል። ለባለቤቴም የነገርኩት ይህንኑ ነው፤ ሥራው ሒሳብና እንግሊዝኛ ይፈልጋል ስለው ፊቱ ትንሽ ተፈታ።

ልጄ አሁን የሰፈሩን ቡድን ጨዋታ በደብተር ይመዘግባል። ማን ሲገባ ቡድኑ ስንት አገባ፣ ስንት ገባበት፣ ማን ኳስ አበላሸ፤ ሁሉንም ያሰምርበታል። ቡድኑን የሚይዘው ወጣት መጀመሪያ ይስቅበት ነበር፤ አሁን ከጨዋታ በፊት «እስቲ ደብተርህን አምጣ» ይለዋል። ችግሩ፣ የደብተሩ ቁጥር እንደሚለው ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተሰላፊዎች መውጣት ያለበት ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮት የተማረ፣ እኛ ቤት እየበላ ያደገ ጓደኛው ነው። ደብተሩን ለወጣቱ አሳይቷል።

«ለጓደኛህስ ነግረኸዋል?» አልኩት ትናንት እራት ላይ።

«ገና ነኝ።»

ጨዋታቸው ቅዳሜ ነው።